ኦይታን ወደ ከብት ዝላዩ ስሸኝ

ከሐመር መመለሴን የሰማ የካዛንቺስ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ራቁታቸውን ናቸው የሚባለው እውነት ነው?» ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ይሆናል ጥያቄው እኔ ላይ የበዛው። አይደሉም። ቆዳ ይለብሳሉ፣ ጨርቅም ያገለድማሉ፣ የቆዳው ስፌት ደግሞ ከእኔ መኪና ስፌት ይጠነክራል። አሁን የምጽፈው ግን ስለ ልብስ አይደለም። እዚያ ለማትደርሱት፣ በቴሌቪዥን ብቻ አይታችሁ «አቤት ጉድ!» ላላችሁት፣ የሆነውን በየቀኑ እንደሆነው ልንገራችሁ። ደስ የሚል ጉዞ እንዳልነበረ ግን ቀድማችሁ እወቁት።

የሄድኩት ኦይታን ተከትዬ ነው። ኦይታ የሐመር ልጅ ነው። ለትምህርት አዲስ አበባ መጥቶ የእናቴን ጓዳ ተከራየ፤ ትምህርቱን ጨርሶ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የላብራቶሪ ሥራ ይዞም ከጓዳችን አልወጣም። እኔን «እትዬ ጽጌ» ይለኛል፣ እናቴን «እማዬ» ይላት ነበር። እናቴ ስታርፍ አስከሬኗን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው። ሌላ ወንድም የለኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ኡራኤል ጋ መንገድ ሲሻገር ታክሲ ገጨው። የግራ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ሲጠገን ወልገድ ብሎ ገጠመ። እናቴ ያኔ በሕይወት ነበረች፤ ከግቢው በር እስከ ቧንቧው እያመላለሰች እንደገና መራመድ ያስተማረችው እሷ ናት። «ቀጥ በል! ሰው ፊት አታነክስ። ገመናህን ለሰው አታሳይ» ትለው ነበር። ተማረም። ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ ያየው ሰው እግሩን ነገሬ አይለውም። ማታ ሲደክመው ግን ግራ እግሩ እንደ ጆንያ ይጎተታል። ያን የምናውቀው እናቴና እኔ ነበርን፤ እሷ ስትሞት እኔ ብቻ ቀረሁ።

ታኅሣሥ ላይ ከታናሽ ወንድሙ ከሙጋ ስልክ መጣ። ነገሩ እንዲህ ነው። በሐመር አንድ ወንድ ሰው ተብሎ የሚቆጠረውና ሚስት የሚያገባው፣ ጎን ለጎን በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ ሳይወድቅ አራት ጊዜ ሮጦ ሲሻገር ነው። ታላቅ ሳይዘል ደግሞ ታናሽ አይዘልም። ኦይታ ከተማ ገብቶ ሲቀር ሙጋም አብሮ ቆሞ ቀረ ማለት ነው። ለሙጋ ልጃገረድ ታጭታለት ኖሮ፣ ቤተሰቦቿ መጠበቅ ሰልችቷቸው «ጥር ሳይወጣ ካልሆነ ለሌላ እንድራታለን» ብለዋል። ስለዚህ ኦይታ መዝለል አለበት፤ መውደቅም የለበትም።

«እግሬ ተሰብሮ ነበር በላቸዋ!» አልኩት።

«እትዬ፣ ማለቴ… እማዬ ምን ብላ ነው ያስተማረችኝ?» አለኝ። ቀጥሎም «አንቺም እንዳትናገሪ። እማዬ ብትኖር ትመጣልኝ ነበር፤ በቃ፣ አንቺ ነይልኝ» አለ። አልናገርም ብዬ ማልኩለት።

ስለ ራሴም አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ሰፈራችን ሊፈርስ ነበር። የምንኖርበት የቀበሌ ቤት ሲሆን እናቴ ዕድሜዋን የጨረሰችው በደባልነት ነው፤ ቤቱ በሌላ ሰው ስም ነው እንግዲህ። ባለስሞቹ ምትክ ሲያገኙ ለደባል የሚደርሰው ነገር የለም። እኔ ግን ለጎረቤቱም ለኦይታም «የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶልኛል» ብያለሁ። መመዝገቤ እውነት ነው፤ ዕጣው ነው ያልወጣው። ሰው «ምስኪን» ሲለኝ መስማት አልወድም። ይህም የእናቴ ትምህርት ነው።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ የሚነሳው ጎህ ሳይቀድ ከመስቀል አደባባይ ነው። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ተካ፣ ተዉ ብላቸው እምቢ ብለው፣ ሻንጣዬን ይዘው ሸኙን። ጋሽ ተካ ጡረተኛ ናቸው። ጉልበታቸው ታሟል፤ አመመኝ ሲሉ ግን የሰማ የለም። ደረጃ ወይም ቦይ ሲያጋጥማቸው ቆም ብለው ወሬ ይጀምራሉ፤ ጉልበታቸው ሲያርፍ ወሬውም ያልቃል። ያን ዕለትም ለባቡሩ የተቆፈረው ጉድጓድ ዳር ስንደርስ «ድሮ እዚህ ጋ እኮ…» ብለው ጀመሩ። እኛም አመላቸውን ስለምናውቅ ታግሰን ሰማን።

«በይ ጽጌ፣ በሰላም ተመለሺ። አዲሱ ቤትሽን መርቄ የማስገባሽ እኔ ነኝ» አሉኝ ሲሰናበቱኝ። «አሜን» አልኩ። ምን ልል ኖሯል?

አደባባዩ ደረጃ ላይ ሯጮች በጨለማው ይወጣሉ ይወርዳሉ። ዕቃ ተጭኖ እስኪያልቅ ኦይታ ዓይኑን ከእግራቸው አልነቀለም። ረዳቱ ሻንጣዬን ነጥቆኝ «ማዘር፣ ይቺ ላይ ነች ምትወጣው፣ በቃ፣ ውስጥ ቦታ የለም» አለና ከአንድ የዘይት ጀሪካን ሥር ወሸቃት። ጀሪካኑ ክዳኑ ላላ ያለ ነበር። አርባ ምንጭ ስደርስ ሦስቱም ቀሚሶቼ ዘይት ጠጥተው ነበር፤ ጉዞውን ሁሉ ብስኩት ቤት እንደዋለች ሴት እየሸተትኩ ነው የጨረስኩት።

ምሳ ቡታጅራ በላን። ክትፎው በቆጮ ነበር፤ ቆጮው ከካዛንቺሱ ይበልጣል፣ እኛ ጋ ሲደርስ መንገድ ይጎዳዋል መሰለኝ። ኦይታ ሁለት ጊዜ ጎርሶ ተወው። «ከከበድኩ አልሮጥም» አለ። አንድ ቀን ባለመብላት ሰው እንደማይቀል እሱም ያውቃል፤ ፍርሃት ነው ሆዱን የዘጋው።

አርባ ምንጭ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ያደርንበት ቤት ሙቀቱ የዳቦ መጋገሪያ ነው። አጎበሩ ደግሞ ጡጫ የሚያሾልክ ቀዳዳ አለበት። መርፌና ክር ከቦርሳዬ አይለይምና ተቀምጬ ሰፋሁት። ባለቤቲቱ፣ ደልዳላ የጋሞ ሴት ናት፣ ጠዋት አይታው «የኔ እመቤት፣ እንግዳ ሆነሽ ቤቴን ሰፋሽልኝ?» ብላ ትኩስ ዓሣ ጠብሳ ሳታበላን አለቀቀችንም። እኛ ሰፈር ቢሆን «ማን ንኪ አለሽ?» ባይ አይጠፋም። ኦይታ ያን ዓሣ በላ፤ ደስ አለኝ። ደረጃውን ሲወርድ ግን ጉዞው አድክሞት ኖሮ ግራ እግሩን ጎተተው። ማንም እንዳላየ ዙሪያውን ቃኝቶ ቀና አለ።

ረቡዕ

በሚኒባስ ወደ ኮንሶ ሄድን። የኮንሶ ተራራ ከላይ እስከ ታች በድንጋይ እርከን የታጠፈ ነው፤ ያን ሁሉ እጥፋት ሳይ የእኔ ጣት ደከመው። ቆሜ ሳደንቅ የቀኝ ጫማዬ ሶል ከእነተረከዙ ተገንጥሎ ቀረ። በገመድ አሰርኩት፤ ሁለት መቶ እርምጃ ሳይሄድ ተፈታ። ከዚያ ወዲያ አንዱን እግሬን በጫማ፣ አንዱን በካልሲ ይዤ ነው የቀጠልኩት።

ከኮንሶ በኋላ መንገዱ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ወይጦ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ራሱ ትኩስ ነው። እኔ የካዛንቺስ ሴት ነኝ፤ ጥር ማለት ለእኔ ጠዋት ጋቢ፣ ቀን ፀሐይ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የሠርግ መኪና ጡሩምባ ነው። እዚያ ጥር ማለት አቧራና እሾህ ነው። ማታ ቀይ አፈር ከተማ ደረስን። ከመኪናው ወርጄ እየተንከላወስኩ ስሄድ ኦይታ ሳቀብኝ፤ ከአዲስ አበባ ከወጣን የሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ አሁንስ ሁለት አንካሳ ሆንን» አለ።

ያቺን ቃል ከአፉ ስትወጣ ሰምቼ አላውቅም። አጋጣሚውን ላለማሳለፍ «ታዲያ ለነሱም እንዲሁ እየሳቅህ ለምን አትነግራቸውም?» አልኩት።

ሳቁ ጠፋ። «የሚዘል ሰው ሙሉ መሆን አለበት። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ጠፍቼ ነው የምመጣው። ከተማው ሰብሮ ላከው እንዲሉኝ ነው?» አለ።

ያደርንበት ቤት ባለቤት እግሬን አይታ ከአልጋዋ ሥር የጎማ በረባሶ አውጥታ ሰጠችኝ። «የሟች ባሌ ነው፤ ሰፊ ቢሆንም አይከዳሽም» አለች። እውነቷን ነው፣ እስከ ካዛንቺስ መለሰኝ። የሟች ጫማ አድርጌ ወደ ድግስ መሄዴ ግን ልቤን ከበደው፤ ለኦይታ አልነገርኩትም።

ሐሙስ

ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ ነው። ሙጋ እዚያ ጠበቀን። ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነው፤ አማርኛ ከገበያ የለቀማት ትንሽ ነች፣ ግን የምትበቃ ናት። ወንድሙን አቅፎ ሲለቀው ፊቱን አየው፣ ክንዱን ዳሰሰው፣ ከዚያ ሳቀ። ጉልበት እየለካ ነበር። እንስራ እንደሚገዛ ሰው ነው የፈተሸው፤ ደግነቱ ወደ ታች አልወረደም።

ከገበያ በሚመለስ አይሱዙ ላይ ተጭነን ዲመካ ደረስን፤ ፍየሎች፣ የማሽላ ጆንያዎችና እኔ። ከዲመካ ወደ መንደራቸው በእግር ነው። ኦይታ ከሙጋ ፊት ፊት እንደ ካዛንቺስ ጠዋት ቀጥ ብሎ ሄደ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ ላቡ የሙቀት አልነበረም። አንዴ «ልረፍ፣ በረባሶው ላጠኝ» አልኩ። አልላጠኝም፤ እሱ እንዲያርፍ ነው። ገብቶት ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ፤ አላመሰገነኝም።

ዓርብ

ያረፍኩት ከታላቅ እህታቸው ከጋይቶ ጎጆ ነው። ጋይቶ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ኦይታን በልጅነቱ ያዘለችው እሷ ናት አሉኝ። ጎጆዋ ከጓዳችን አይሰፋም። የምትተኛበትን ቆዳ ለእኔ አንጥፋ እሷ መሬት ላይ ተኛች። ጠዋት በትልቅ ቅል የቡና ገለባ አፍልታ ሰጠችኝ፤ እኛ የምንጥለውን እነሱ ይጠጡታል። መጀመሪያ ፊቴን አጨማደድኩ፣ በሁለተኛው ቅል ለመድኩት። ቅቤና ቀይ አፈር የተቀባ ፀጉሯን ወደ ቀሚሴ አስጠግታ አሸተተችኝና ከት ብላ ሳቀች። ዘይት የጠጣ ቀሚሴ ከእሷ ጋር አስማምቶኛል።

ቀን ላይ ጀርባዋን አሳየችኝ። ቆዳዋ ላይ የጠባሳ መስመር ከትከሻ እስከ ወገብ ተጋድሟል። ኦይታ ተረጎመልን። ወንድ ሲዘል እህቶቹና የዘመዶቹ ሴቶች ጡሩምባ እየነፉ፣ እየጨፈሩ፣ ሳይገደዱ ራሳቸው ለምነው በቀጭን አለንጋ ይገረፋሉ። ገራፊዎቹ ዘለው ገና ያላገቡ ጎረምሶች ናቸው፤ ማዝ ይባላሉ። ጠባሳው መያዣ ነው። ያቺ ሴት ነገ ብትራብ፣ ባሏ ቢሞት፣ ከብቷ ቢያልቅ፣ የተገረፈችለት ሰው ጀርባዋን አይቶ እንቢ ማለት አይችልም።

«ይኼ ለአጎቴ ልጅ ነው። ይኼ ለሌላው። የኦይታ ቦታው ባዶ ነው፣ ነገ ይሞላል» አለች፤ ባዶውን ቦታ በጣቷ እያሳየች።

ዘገነነኝ፣ አልዋሽም። ጉድ ነው ብዬ ልናገር አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

«አንቺስ ለማን ተገርፈሻል?»

«ለማንም» አልኳት።

«ታዲያ ስትራቢ ማን ነው የሚመጣልሽ?»

ኦይታ ይህን ሲተረጉም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኛ ጋ እድር አለ» አልኩ። እድር ምን እንደሆነ ረጅም ጊዜ ወስዶ አስረዳት። ሰምታ ሰምታ «ሲሞቱ ነው እንጂ» አለች። ሰፈሩ ሲበተን ደግሞ ያም እድር እንደሚበተን አልነገርኳትም።

ቅዳሜ

ከጠዋት ጀምሮ ሰው ከየአቅጣጫው መጣ። ሴቶቹ እግራቸው ላይ ቃጭል አስረው፣ የቆርቆሮ ጡሩምባ እየነፉ ይዘላሉ። የማሽላው ጠላ በቅል ይዞራል። ድግስ ነው፣ ሠርግ ነው፣ ግን የእኛ ሠርግ ላይ እንደሚሰማው ያለ ሳቅ አልሰማሁም፤ ወይም የእኔ ልብ አልሰማም። ጋይቶ ከአንዱ ማዝ ፊት ቆመች። ልጁ ወደ ኋላ አለ፤ ተከትላ ጡሩምባዋን ፊቱ ላይ ነፋችበት። አለንጋው ሲያርፍባት ዓይኗን አልጨፈነችም። ደሙ ወገቧ ድረስ ሲወርድ እንደገና ሄዳ ቆመች። እኔ ዞርኩ። ሴቶቹ «እሷም እህቱ ነች፣ ትምጣ እንጂ» እንደሚሉ ሙጋ ሲነግረኝ ከዛፍ ኋላ ተደበቅኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከብቶቹ ተደረደሩ። ማዞቹ በቀንድና በጅራት ይዘው ጎን ለጎን አቆሟቸው። ኦይታ ራሱን በከፊል ተላጭቶ፣ አሸዋ ተቀብቶ፣ ያለ ልብስ ቆሟል። ዓይኔን ልሰብር ነበር፤ አልቻልኩም፣ የማየው እግሩን ብቻ ነበር።

ሮጠ። የመጀመሪያዋን ከብት ጀርባ ረግጦ ወጣና ተሻገረ፤ ሴቶቹ ጡሩምባቸውን ነፉ። ሁለተኛውንም ዙር ተሻገረ። በሦስተኛው መሃል ላይ ሲደርስ ግራ እግሩ ተንሸራቶ በሁለት ከብቶች መካከል ወደቀ። ጡሩምባው ቆመ። ሽማግሌዎቹ «ከብቷ ተንቀሳቅሳ ነው» አሉ አሉኝ፤ ይህም ደንብ ነው፣ ጥፋቱን ለከብት መስጠት። እንደገና ሮጠ። እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያችው እግር ወደቀ። ሙጋ ከእኔ አጠገብ ቆሞ ነበር። ወንድሙን አላየም፤ መሬቱን ነው ያየው። የእጮኛው ሰዎች ከወዲያ ማዶ እርስ በርስ ተያዩ። ኦይታ ተነስቶ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ መነሻው ሄደ፣ አሁንም ቀጥ ብሎ፣ እናቴ እንዳስተማረችው።

ያኔ መሐላዬን ጣስኩት። እናቴ ሁለት ተረት ነበራት፤ አንደኛው «ገመናህን ያዝ» ነው፣ ሁለተኛው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም»፤ እንደ ቀኑ አንዱን ትመዝ ነበር። እኔ ለዚያች ሰዓት ሁለተኛውን መዘዝኩ።

«እግሩ ነው!» ብዬ ጮህኩ በአማርኛ። «ሙጋ፣ ንገራቸው! እግሩ ተሰብሮ ነው የዳነው! ጠማማ ነው!»

ሙጋ ለአጎቱ ነገረው። አጎቱ እርጅና ያጎበጠው ሰው ነው፤ ቀስ ብሎ ሄዶ ኦይታ እግር ሥር ተንበረከከና ቁርጭምጭሚቱን በሁለት እጁ ዳሰሰው። ብዙ ቆየ። ቀና ብሎ የተናገረውን ሙጋ በዚያች ትንሽ አማርኛው ነገረኝ።

«ለምን አልተናገረም ይላል። ዓይን የሌለው ሰው አለ፣ እጁን ይዘን እናሻግራለን። እግር የሌለውንም እንደዚያው። ደህና ነኝ ያለውን ሰው በምን እንይዘዋለን ይላል።»

ሁለት ማዞች መጡ፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ሆነው ኦይታን በእጁ ያዙት። እነሱ በምድር፣ እሱ በከብቶቹ ጀርባ ላይ፣ ቀስ እያለ፣ በሁሉም ፊት እያነከሰ ተሻገረ። ተመለሰ። አራቱንም ጨረሰ። ጡሩምባው እንደገና ተነፋ፤ ማንም አልሳቀበትም። ሙጋ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ፤ ማልቀሱ ነበር።

የማልረሳው ግን ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን ነው። ጋይቶ ጀርባዋ እየደማ መጥታ በያዘችው ጡሩምባ የኦይታን ትከሻ መታችው። አንዴ፣ ሁለቴ። እየጮኸች ተናገረች፤ ከዚያ አንገቱ ሥር ገብታ አለቀሰች።

«ምን አለች?» አልኩት ሙጋን።

«እኔ ጀርባዬን ከፍቼ ሰጠሁህ፣ አንተ እግርህን ደበቅከኝ አለችው።»

እሑድ

ኦይታ መቆየት አለበት፤ አሁን እሱም ማዝ ነው፣ የሙጋም ዝላይ ይቀጥላል፣ ወደ ክሊኒኩም ቢሆን አይመለስም መሰለኝ። እኔ ብቻዬን ልመለስ ተነሳሁ። ጋይቶ አንዲት ቅል ሰጠችኝ። ኦይታ ዲመካ ድረስ ሸኘኝ፣ መንገዱን ሁሉ እያነከሰ። ተቆጥቶኝ እንደሆነ አላውቅም።

መኪናው ሲመጣ «እትዬ፣ ቤቱ እውነት ደርሶሻል?» አለኝ።

ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነበር። አጎቱ ያለውን በዋዜማው ነው የሰማሁት፣ ገና ጆሮዬ ላይ ነው። «የለኝም» ብል ጓዙን ጠቅልሎ ከእኔ ጋር መኪናው ላይ እንደሚወጣ አውቃለሁ።

«ልጅ ነኝ እንዴ የምዋሽህ?» አልኩት። «ጀሞ ነው የደረሰኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ።»

«ቁልፉን ስትቀበይ ደውይልኝ፣ ዕቃ አነሳልሻለሁ» አለ። «እሺ» አልኩ። ሦስተኛ ፎቅ የሚለውን ከየት እንዳመጣሁት ዛሬም አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ

መመለሻውን ብዙ አልጽፈውም። ያው መንገድ ነው፣ ብቻ ከጎኔ ያለው ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተኝቶበታል። የጋሞዋ ሴት የሰፋሁት አጎበር እንዳልተተረተረ አሳየችኝና ዓሣ አበላችኝ። ካዛንቺስ ስደርስ ከግቢያችን በታች ያሉት ቤቶች ፈርሰው የቧንቧችን ውሃ በየድንጋዩ መሃል ይፈስ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ እድሩ ለመጨረሻ ጊዜ ተሰበሰበ። ድንኳኑ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥ ተባለ፤ ድስቱና ወንበሩ ለአባላት ተከፋፈለ። ለእኔ አግዳሚ ወንበር ደረሰኝ። እያንዳንዱ የሚሄድበትን ተናገረ፦ አያት፣ ጀሞ፣ የካ አባዶ። ጋሽ ተካ «እኔ ልጄ ጋ ነኝ፣ ቤቷ ሰፊ ነው» አሉ። ወደ እኔ ሲዞሩ «ጀሞ፣ ሦስተኛ ፎቅ» አልኩ። «ተመስገን፣ እንግዲህ ሜዳ ላይ የወደቀብን የለም» ብለው መረቁን።

ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ከከተማው ዳር አንድ የጭቃ ቤት ክፍል ልከራይ ከደላላ ጋር ሄድኩ። በበረባሶዬ ጭቃውን እያቦካሁ ስሄድ ከፊቴ ጋሽ ተካን አየሁ። ከአጠገባቸው ቁልፍ በጣቱ የሚያሽከረክር ሌላ ደላላ ቆሟል።

«ጽጌ! ምን ልታደርጊ እዚህ?» አሉኝ።

«ዘመድ ልጠይቅ። እርስዎስ ጋሽ ተካ?»

«እኔም ዘመድ አለኝ፣ እዚሁ ታች።»

«ማዘር፣ ክፍሏ እንዳታመልጠን!» አለ የእኔው ደላላ ከኋላዬ። ጋሽ ተካ ሰሙ፤ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ደመናውን ማየት ጀመሩ።

መሃላችን ላይ ጎርፍ የሞላ ቦይ ነበር፤ መሻገር ያለባቸው እሳቸው ናቸው። ዳሩ ላይ ቆመው «ድሮ እኮ ይኼ ሁሉ ጫካ ነበር…» ብለው ወሬ ጀመሩ። እኔ ወሬውን አልጠበቅኩም። እጄን ዘረጋሁ። እጄን አዩት፣ ከዚያ ያዙት፤ ክብደታቸውን ሁሉ ጥለውብኝ ተሻገሩ። እጃቸው ቀዝቅዟል። «ጋሽ ተካ፣ እኔም ቤት የለኝም» ልል ነበር፣ ቃሉ ጥርሴ ድረስ መጥቶ ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ ጽጌ። ድንጋዩ እንዳያዳልጠኝ ብዬ እንጂ እኔስ ደህና ነኝ» አሉኝ እጃቸውን እየሳቡ።

«እኔም ደህና ነኝ» አልኳቸው፤ ወደየደላላችን ሄድን።